«በቅርብ ቀን» ማለት መቼ ነው? በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ ፊልሞችን ከጎንደር ሆኖ ለመጠበቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ፒያሳ በምሰሶና በሱቅ በር ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች ሁሉ ዕድሜው የሚረዝመው የፊልም ፖስተር ነው። የቤት ኪራይና የአስጠኚ ማስታወቂያ በሳምንቱ ተቀዶ ሌላ ሲለጠፍበት፣ «በቅርብ ቀን» የሚለው ፖስተር ክረምቱን በዝናብ፣ በጋውን በፀሐይ ያሳልፋል፤ የተዋናዩ ፊት ነጥቶ እስኪጠፋ ድረስ ቀኑ አይደርስም። ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ ፊልም ሠሪዎቹን ውሸታም የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን እነዚህን ፊልሞች ለዓመታት ስከታተል የተረዳሁት፣ «በቅርብ ቀን» በአብዛኛው «ገንዘቡ እንደተገኘ» ማለት መሆኑን ነው። ይህን ማንበብ የለመደ ተመልካች በቀላሉ አይታለልም፣ ተስፋም አይቆርጥም።

የትልልቅ ስቱዲዮዎች ፊልም የሚወጣበት ቀን ከዓመት በፊት ይታወጃል፤ ማንም ባይጠብቀውም ይመጣል። በግል ጥረትና በአነስተኛ በጀት የተሠራ፣ ኢንዲፔንደንት የሚባለው ፊልም ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ታይቶ ሊጠፋ ስለሚችል ጠባቂ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ፣ ከጎንደር ሳይወጡ፣ በሞባይል ዳታና በአንድ ደብተር፣ የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ ትንንሽ ፊልሞችን ከሐሳብ ደረጃ ጀምሮ እስከሚታዩበት ምሽት ድረስ መከታተል የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል።

እርምጃ 1፦ ከሰባት ያልበለጡ ፊልሞችን መምረጥ

በአንድ ጊዜ ሠላሳ ፊልም እጠብቃለሁ የሚል ሰው አንዱንም አይጠብቅም። ከሰባት ያልበለጡ ይምረጡ፤ ሁለቱ የአገር ውስጥ፣ ሁለቱ ከሌላ የአፍሪካ አገር፣ የቀሩት ከየትም ቢሆኑ ጥሩ ድርሻ ነው። ቢያንስ አንዱ የመጀመሪያ ፊልሙን የሚሠራ፣ ስሙን ከዚህ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ሰው ሥራ ይሁን።

ሲመርጡ የፊልሙን ርዕስ ሳይሆን የዳይሬክተሩን ስም ይያዙ። የትንሽ ፊልም ርዕስ ሦስት ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ ለገንዘብ ሰጪዎች በእንግሊዝኛ የቀረበው አንድ፣ በቀረጻ ወቅት የሚጠራበት ሌላ፣ በፖስተሩ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሦስተኛ ይሆናል። በርዕሱ ብቻ ሲፈልግ የቆየ ሰው ፊልሙ ወጥቶ ሳለ «ያ ፊልም ቀረ ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል።

እርምጃ 2፦ ፊልሙ የት እንደደረሰ ማወቅ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እርምጃ ይህ ነው። አንድ ፊልም ከተጻፈ በኋላ ገንዘብ ይፈለግለታል፣ ይቀረጻል፣ ኤዲት ይደረጋል፣ ድምፁና ቀለሙ ይስተካከላል፣ ፌስቲቫል ይላካል ወይም በቀጥታ ይመረቃል፣ አከፋፋይ ይፈለግለታል፣ በመጨረሻም ሲኒማ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቋንቋ አለ፤ ጠባቂው ያንን ቋንቋ ማወቅ አለበት።

«ስክሪፕቱ ተጠናቋል» ሲባል ገና ምንም ነገር አልተጠናቀቀም። ብዙ ጽሑፍ ከዚህ አያልፍምና፣ በዚህ ደረጃ ያለን ፊልም በደብተርዎ ቢይዙትም ቀን አይስጡት። «ፕሮዲዩሰር አግኝተናል» ወይም «ከስፖንሰር ጋር እየተነጋገርን ነው» የሚለው ወሬ ተስፋ ቢሰጥም ገንዘቡ ኪስ ገብቷል ማለት አይደለም። ለውጭ ፊልሞች ከዚህ የተሻለ ምልክት አለ፤ እሱም ፊልሙ ከታወቀ የድጋፍ ፈንድ ገንዘብ ማግኘቱ ነው። የኔዘርላንዱ የሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ሁበርት ባልስ ፈንድ፣ የበርሊን ፌስቲቫል ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው የዓለም ሲኒማ ፈንድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የድጋፍ ተቀባዮችን ዝርዝር በየጊዜው ስለሚያወጡ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጡትን ፊልሞች ስም ዛሬ ማንበብ ይቻላል። ከአዲስ ትሬለር ይልቅ የምጓጓው ለእነዚህ ዝርዝሮች ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ቀረጻ ጀምረናል» የሚለው ዜና ሲመጣ ልብ ይሞቃል፤ ነገር ግን ቀረጻ በትንሽ ፊልም ዘንድ አንድ ወጥ ሥራ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ከጎንደር ልጅ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚህ የተወለደው ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን ሠርቶ ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ፣ የጀርመኑን ክፍል ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። በዚያ መሀል ፊልሙን ይጠብቅ የነበረ ሰው የሰማው «ቀረጻ ተጀመረ» የሚል ወሬ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ ነው። ፊልሙ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ዋና ሽልማት፣ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ አገኘ። ስለዚህ ከቀረጻ በኋላ ድምፁ የጠፋን ፊልም ሞቷል ብለው ከደብተርዎ አይሰርዙት፤ «ገንዘብ ይጠብቃል» ብለው ይጻፉበት።

«ኤዲት ላይ ነው» የሚለው አባባል ከሁሉ ይበልጥ ያታልላል። በአገር ውስጥ ፊልም ዘንድ ሁለት ወርም ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ድምፁ ተሠርቷል ወይ? ሥዕሉ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ድምፅ ማጽዳት፣ ሙዚቃ ማስገባትና ቀለም ማስተካከል የራሱ ባለሙያና የራሱ ክፍያ ስላለው፣ በጀቱ በቀረጻ ያለቀበት ፊልም የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለአፍሪካና ለአንዳንድ የአረብ አገራት ፊልሞች ይህን ክፍተት ለመሙላት የቬኒስ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ዐውደ ጥናት አለ፤ ኤዲት ላይ ያሉ ፊልሞች እዚያ ቀርበው የማጠናቀቂያ ድጋፍ ያገኛሉ። በዚያ ዝርዝር ስሙ የወጣ ፊልም በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ ይታያል ብሎ መጠበቅ አያሳፍርም።

«አልቋል» የሚለውም ቢሆን «ደርሷል» ማለት አይደለም። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተባለው የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም በዳይሬክተሩ መኖሪያ ቤት፣ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ2007 ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው ግን በ2009 ነው። ሁለቱ ዓመት የባከነው አከፋፋይ በማግኘትና ባገኘውም እጅ በመቆየት ነበር። በአንጻሩ በስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው፣ አሜሪካ ውስጥ በአነስተኛ በጀት የሚመደበው «አኖራ»፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2016 ዓ.ም. በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወስዶ፣ በጥቅምት 2017 ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ በየካቲት 2017 አምስት ኦስካር አገኘ። ልዩነቱ ካን ላይ ሲደርስ አከፋፋይ የነበረው መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ አንድ የውጭ ፊልም ስጠይቅ «መቼ ይወጣል?» ማለቴን ትቼ «ማን ይዞታል?» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

እርምጃ 3፦ ቀኑን ወደራስ ቀን መቁጠሪያ ማምጣት

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። አንድ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ፣ ስከታተለው የቆየሁት ፊልም ጎንደር ላይ እንደሚታይ የሚገልጽ ምስል በቴሌግራም ደረሰኝ፤ ቀኑ «9/3» ይላል። ገጹ ሌላውን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፍ ስለነበር ማርች 9 ብዬ፣ ወደ እኛ መልሼ፣ የካቲት 30 ላይ በቀይ አከበብኩት። ለአራት ወር ያህል ለጓደኞቼ ስለፍፍ ቆይቼ በዕለቱ አራት ሆነን ሄድን። አዳራሹ ተዘግቷል፤ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ዘበኛ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ ፊልሙ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው። «የትኛው ልጄ?» ብለው ርዕሱን ከሰሙ በኋላ፣ «እሱማ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ታይቶ አለቀ» አሉኝ። 9/3 ኅዳር 9 ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሩ በፊደል ያልተጻፈ ቀን ካየሁ፣ ደውዬ ሳልጠይቅ ደብተሬ ላይ አላሰፍርም።

ዓመቱም እንዲሁ ያሳስታል። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ሲደመርበት የፈረንጆቹ ዓመት ይገኛል። «የ2026 ፊልም» የተባለው ለእኛ በጥር 2018ም፣ በኅዳር 2019ም ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በተጨማሪም ኔትፍሊክስን የመሰሉ ድርጅቶች አዲስ ፊልም የሚለቁት ብዙውን ጊዜ በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ የሚደርሰን በዚያው ቀን፣ እንደ ወቅቱ፣ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን መንቃት አያስፈልግም።

ፌስቲቫሎቹን ከራሳችን በዓላት ጋር አጣብቆ መያዝ ከሁሉም ይቀላል። የጥምቀት ግርግር አብቅቶ፣ ከፋሲለደስ መዋኛ የተመለሰው ሕዝብ ገና ሳይበተን፣ አሜሪካ ውስጥ የሳንዳንስ ፌስቲቫል ይጀመራል፤ የሮተርዳሙም በዚያው በጥር መጨረሻ ነው። አዳዲስ ዳይሬክተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቁት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለቱ ስለሆነ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መግቢያ ያለው ጊዜ ለጠባቂ ሰው ዋና መኸር ነው። የበርሊኑ የካቲት ሲገባ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ፌስፓኮ ደግሞ በፈረንጆቹ ጎዶሎ ዓመታት፣ በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ይካሄዳል፤ የአፍሪካ ፊልም እከታተላለሁ የሚል ሰው ሌላውን ቢያመልጠው እንኳ ይህን ሊያመልጠው አይገባም። ካን ግንቦት መግቢያ ላይ ነው፤ የሚታዩት ፊልሞች ዝርዝር የሚወጣው ግን ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የያሬድ ዘለቀ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ ለካን ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኖ ስሙ የተሰማው በዚሁ ወቅት ነበር። የደርባኑ ሐምሌ ላይ፣ የሎካርኖው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ የቬኒሱ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጳጉሜን፣ የቶሮንቶው እንቁጣጣሽን ይዞ ይውላል።

ፌስቲቫል ላይ የታየ የውጭ ትንሽ ፊልም ጎንደር ላለ ሰው በሕጋዊ መንገድ እስኪደርስ፣ በእኔ ልምድ፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ደብተርዎ ላይ የሚጽፉት «የመድረሻ ግምት» ከዚህ ይነሣ።

እርምጃ 4፦ ወሬውን ማጣራት

ስለ አገር ውስጥ ፊልም የመጀመሪያው ምንጭ ፊልም ሠሪው ራሱ ነው፤ የቴሌግራም ቻናሉን ወይም የዩቲዩብ ገጹን ይያዙ። ሁለተኛው ምንጭ ሰው የማይገምተው ነው፤ የድምፅ ባለሙያው፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የሜካፕ ባለሙያዋ። ዳይሬክተሩ ዝም ባለበት ወቅት የካሜራ ባለሙያው ከቀረጻ ቦታ አንድ ፎቶ ሊለጥፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ከአዘዞ መውጫ መንገድ ዳር የቆመ ካሜራ ፎቶ አይቼ፣ ቆሟል የተባለ ፊልም ቀረጻው መቀጠሉን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ትሬለር ሲያዩ መጀመሪያ የለቀቀውን ገጽ ይመልከቱ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በኮምፒውተር ተፈብርከው፣ ከሌላ ፊልም ተቆራርጠው የተገጣጠሙ የሐሰት ትሬለሮች ሞልተዋል። እውነተኛው የሚወጣው ከፊልም ሠሪው፣ ከአከፋፋዩ ወይም ከፌስቲቫሉ ገጽ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ ካደረጉት፣ የሁለት ደቂቃ ትሬለር 10 ሜጋባይት ገደማ ቢበላ ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት። የአገራችን ትሬለር ሠሪዎች ታሪኩን ከነመጨረሻው የመናገር አመል አለባቸውና ሁለተኛው ዕይታ ፊልሙን ይበላዋል።

እርምጃ 5፦ ደብተሩን መያዝ

ስልክ ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ እኔ ግን ባለ 50 ሉክ ደብተር እመርጣለሁ፣ ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ሉክ። የሆነ ነገር በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ይሆናል የተባለ ነገር በእርሳስ። መመሪያው ሁሉ በዚህች አንድ ደንብ ውስጥ አለ ብል ይቀለኛል። ከገጾቼ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ከላይ የዳይሬክተሯ ስም፤ ከሥሩ እስካሁን የነበሩት ሁለት ርዕሶች፣ የፊተኛው ተሰርዞ። «ሚያዝያ፣ ስክሪፕት እንዳለቀ ቃለ ምልልስ ላይ ተናገረች» በሰማያዊ እስክሪብቶ። «መስከረም፣ ቀረጻ ይጀመራል» በእርሳስ፤ ጎኑ ላይ «አልተጀመረም፣ ዝናቡ ገፋ» በእስክሪብቶ። «ጥቅምት 20፣ ቀረጻ ተጀመረ፣ 18 ቀን ይወስዳል ተብሏል።» ከዚያ አንድ ሙሉ ዓመት ባዶ መስመር አለ። መጨረሻ ላይ «ድምፁ ተጠናቀቀ» የሚል፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ጽሑፍ።

ገጹን በወር አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በየቀኑ የሚከታተል ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ ከዚያም አልፎ በፊልም ሠሪው ገጽ ሥር «የት ደረሰ?» እያለ የሚነዘንዝ ይሆናል።

እርምጃ 6፦ ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት

የአገር ውስጥ ፊልም በአብዛኛው ከሲኒማ ቤት በኋላ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ በባለቤቱ ገጽ ይዩት፣ ምክንያቱም ገቢው ለቀጣዩ ፊልም መነሻ ይሆናል። ለውጭ ፊልሞች የሚያስቸግረው በብር ካርድ መክፈል አለመቻሉ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካልረዳዎት፣ ፌስቲቫሎችና የባህል ተቋማት አልፎ አልፎ በነጻ የሚለቋቸውን ዕይታዎች መጠባበቅ፣ ወይም በሚቀጥለው እርምጃ እንደሚታየው ለፊልም ሠሪው መጻፍ ይሻላል። ተሰርቆ በቴሌግራም የሚዞረውን ቅጂ የሚያይ ሰው የሚጠብቀው ቀጣይ ፊልም እንዳይሠራ እየረዳ መሆኑን ይወቅ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ፊልም ማባዛትንና ማሰራጨትን ይከለክላል።

እርምጃ 7፦ ፊልሙን ወደ ጎንደር መጥራት

ትንሽ ፊልም አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ እዚያው የሚቀረው፣ በየከተማው የሚጠብቀው ሰው መኖሩን ፊልም ሠሪው ስለማያውቅ ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ»ን የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም ሲሉት ተቀምጦ አልጠበቀም፤ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ በየከተማው ያለውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበረ አሳየው። እዚያ ሥራውን የሠሩት በየከተማው የነበሩት ጠባቂዎች ናቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤት የሠሩላት ከተማ ፊልም የሚጠራ ሰው ልታጣ አይገባም።

ጥሪው በደብዳቤ ይጀመር። ደብዳቤው አጭር፣ ቁጥር ያለው፣ ሙገሳ ያላበዛ ይሁን። እኔ የምጽፈው ይህን የመሰለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ፊልምዎን ቀረጻ ላይ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስንጠብቅ የቆየን 25 ያህል የፊልም ወዳጆች ነን። ከጥምቀት በኋላ ባለው ጊዜ፣ እርስዎ በሚመርጡት አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ 60 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለማሳየት ፈቃድዎን እንጠይቃለን። መግቢያ ይከፈል ካሉ ዋጋውንና ክፍፍሉን እርስዎ ይወስኑ፤ ገንዘቡን በማግስቱ በቴሌብር እንልካለን። ፋይሉን ከዕይታው በኋላ እንደምናጠፋ በጽሑፍ እናረጋግጣለን። ከፊልሙ በኋላ ለ20 ደቂቃ በስልክ ከተመልካቹ ጋር ቢነጋገሩልን ደስታውን አንችለውም።»

መልስ ካልመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። «አይሆንም» የሚል መልስ ከመጣም ምክንያቱን በደብተርዎ ይጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ፌስቲቫል እየጠበቀ ስለሆነ ነውና፣ ያ ራሱ ፊልሙ የት እንደደረሰ ይነግርዎታል።

እርምጃ 8፦ የዕይታው ቀን

ቀን ሲመርጡ ሦስት ነገር ይራቁ። የጥምቀት ሰሞን አዳራሽም ሰውም አይገኝም። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ወቅት ከዩኒቨርሲቲው የማራኪ ግቢ የሚመጡትን ተማሪዎች ያስቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር የበዛበት ፊልም ማሳየት አይቻልም፤ ዝናቡ ሲጀምር ተመልካቹ ከንፈር ብቻ ያያል። አንድ ጊዜ በነሐሴ ያሳየነውን ፊልም መሀሉን አርባ ደቂቃ ያህል አቁመን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሰው ሁሉ ሻይ እየጠጣ ጠብቋል። አንድ እናት «ይኼንንስ በነጻ ማስገባት ነበረባችሁ» ብለው ሲወጡ መልስ አልነበረኝም።

ፋይሉ ሲደርስዎ በዋዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሊያሳዩበት ባሰቡት ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ላይ ይሞክሩት። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ፋት32 (FAT32) በተባለው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም፤ ፍላሹን አስቀድመው ኤክስፋት (exFAT) ወደተባለው ፎርማት ይቀይሩት። ለሲኒማ ቤት የተዘጋጀ ቅጂ በሐርድ ዲስክ ከነቁልፍ ፋይሉ ከመጣ፣ ቁልፉ የሚሠራው ለተወሰነ ማሽንና ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ስለሆነ እሱ ለሲኒማ ቤት ነው፤ ለአዳራሽ የሚሆን ተራ ኤምፒ4 ቅጂ ይጠይቁ። የትርጉም ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ እንዳይመጣ ያረጋግጡ። ይህ የሚታወቀው ሲከፈት ብቻ ነው።

መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ጄኔሬተር ካለ ከግቢው ጥግ፣ ከአዳራሹ በር በተቃራኒ ይቁም፤ ረጅም ገመድ መከራየት ከጩኸቱ ይሻላል። ለመጋረጃ የሚሆነው አንሶላ አይለስልስ፣ አይሸብሸብ፤ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ አቡጀዲ ከላይና ከታች እንጨት ገብቶበት ቢወጠር ከብዙ ርካሽ ሸራ ይበልጣል። ቡናው ከኋላ ይፈላ። ከፊት ከሆነ የዕጣኑ ጭስ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ እየተጥመለመለ ይገባና የሌሊት ትዕይንቱን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል፤ የእኛ ቤት ሴቶች ይህን ከእኔ በፊት ነው ያወቁት።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሰው ሳይበተን ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ የቱ ጋ ደስ አላችሁ፣ የቱ ጋ ሰለቻችሁ። መልሱን እንዳለ፣ ሳያለሰልሱ ጽፈው፣ ከተመልካቹ ቁጥርና ከገንዘቡ ሒሳብ ጋር በማግስቱ ለፊልም ሠሪው ይላኩ። መጨረሻው ላይ ቀጥሎ ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቁትና ለመልሱ አዲስ ሉክ ይክፈቱ። በቅርቡ የጠየቅሁት አንድ ዳይሬክተር «ጽሑፍ ላይ ነኝ፤ በቅርብ ቀን» ብሎ መልሶልኛል። በእርሳስ ጻፍኩት።